የሚከፍል ሌላ፣ የሚለብስ ሌላ፦ የሴቶች የልብስና የመዋቢያ ወጪ በዕድሜ ሲለወጥ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሴቶች ለልብስ፣ ለፀጉር፣ ለጌጣጌጥና ለመዋቢያ የሚያወጡት ገንዘብ ከዕድሜያቸው ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው አላጋጠመኝም፤ ባሎችም፣ እናቶችም፣ ነጋዴዎችም የየራሳቸው አላቸው። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን አብዛኛው አስተያየት የሚቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ሴት ልጅ በወጣትነቷ ለመልኳ ብዙ ታወጣለች፣ ስትወልድ ትቀንሳለች፣ ስታረጅ ትተወዋለች የሚል ነው። ግምቱ እንዲሁ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሆኖም ሳይነገር የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የምትለብሰው ሴት ራሷ እንደምትከፍል አድርጎ መውሰዱ ነው። በከተሞቻችን፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ በአብዛኛው የሴት ልጅ ዕድሜ ይህ እውነት አይደለም። የሃያ ዓመቷን ልጅ የሚያለብሳት ሌላ ሰው ነው፤ የሰባ ዓመቷን እናትም እንዲሁ። መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለችው ሴት ደግሞ የምትከፍለው ለራሷ ብቻ አይደለም። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜ ስንት ታወጣለች?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ማን ለማን እንደሚከፍልና ለማን ዓይን ተብሎ እንደሚለበስ ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ፤ የዛሬው ንግግሬም በዚሁ ዙሪያ ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሚሉትን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ፍራንኮ ሞዲሊያኒ እንዳስተማረው፣ ሰው በሥራ ዘመኑ የሚያጠራቅመው በጡረታ ዘመኑ ኑሮው እንዳይዋዥቅ ነው። ትምህርቱ ትክክል ከሆነ የቤተሰብ ወጪ በዕድሜ ብዛት ብዙ መለዋወጥ የለበትም። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ ግን ወጪው እስከ አርባዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ሄዶ ከዚያ በኋላ እንደሚያዘቀዝቅ ያሳያል። ማርክ አጊያር እና ኤሪክ ኸርስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህን ወጪ በየዓይነቱ ለያይተው ሲያዩት፣ ቅነሳው የታየው በዋናነት በምግብ እንዲሁም ከሥራ ጋር በተያያዙት በልብስና በመጓጓዣ ላይ ሆኖ አገኙት፤ ለመዝናኛ የሚወጣው ገንዘብ እንደዚያ አልወረደም። ትርጉሙ ግልጽ ነው። እዚያ ሰው ልብስ መግዛት የሚቀንሰው መልኩ ስላላስጨነቀው ሳይሆን ቢሮ የሚገባበት ጠዋት ስለሌለው ነው።

ይህን ግኝት ወደ እኛ አገር ስናመጣው ወዲያውኑ አንድ ችግር ይገጥመናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለች ሴት በ60 ዓመቷ ጡረታ ስትወጣ ኮትና ጉርዷ፣ ባለተረከዝ ጫማዋ፣ በየሳምንቱ ፀጉር ቤት መግባቷ ይቀንሳል፤ እስከዚህ ድረስ ከአሜሪካዊቷ አትለይም። ነገር ግን የእኛዋ ጡረተኛ ከቢሮ ስትወጣ ከሰው ዓይን አልወጣችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በወር አንድ ቀን ማኅበር አለ፣ የእህት ልጅ ሠርግ አለ፣ የጎረቤት ለቅሶ አለ፤ ሙስሊም ከሆነችም ዒድ፣ ኒካሕና መውሊድ አለ። የቢሮው ልብስ ይቀራል እንጂ የመታያው ቦታ አይቀርም፤ እንዲያውም ጊዜ ስላገኘች የማትቀርበት ጉዳይ ይበዛል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ሴቶቻችን በደመወዝ የሚተዳደሩ ስላልሆኑ መጀመሪያውኑ የቢሮ ልብስ የሚባል ወጪ አልነበረባቸውም።

የአገራችን ቁጥሮችስ ምን ይላሉ? የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን በየጊዜው የሚያካሂደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ወጪን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። ዓለም አቀፉ የወጪ አመዳደብ ለወንድ፣ ለሴትና ለልጅ ልብስ የተለያየ መደብ አለው፤ ከልጅነት ያለፈች ሁሉ ግን፣ የ16 ዓመቷም የ70 ዓመቷም፣ «ሴት» በሚለው በአንዱ መደብ ትገባለች። ፀጉር ቤት የተከፈለውና ወርቅ ቤት የተከፈለው ደግሞ ከልብስ ተለይተው በሌላ ክፍል ይሰፍራሉ። በዚህ መዝገብ ላይ ተመርኩዞ የአንዲትን ሴት ወጪ በዕድሜ መከተል አይቻልም። እኔም ከዚህ በኋላ የምናገረው ከመዝገብ ሳይሆን ከገበያው፣ ከሠርጉ ቤትና ከቁም ሣጥኑ ነው።

ዕድሜና መልክ በአገራችን የተሳሰሩት ገበያ ሳይስፋፋ በፊት ነው። ቀድሞ በደጋው አገር ያላገባች ልጅ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ፀጉር ይተውላት ነበር፤ ሳዱላ ይባላል። ስታገባ ፀጉሯን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች። በሐረር ከተማ ያገባች ሴት ፀጉሯን ከጆሮዎቿ ኋላ በሁለት ጠቅልላ በጉፍታ ትሸፍነዋለች። ሰው የሴቷን ዕድሜና ትዳር ከራሷ ላይ ያነብ ነበር ማለት ነው። ዋጋው ግን በብር አይከፈልም ነበር። ሹሩባውን የምትሠራው ጎረቤት ናት፣ ቅቤው ከጓዳ ነው፣ እንሶስላው ከጓሮ ነው፣ ኩሉም ዓመት ያገለግላል። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ ትልቁ ለውጥ የታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በጉልበትና በውለታ ይከወን የነበረው የመዋብ ሥራ በየሰፈሩ ፀጉር ቤት ተከፍቶለት በሰዓት የሚከፈልበት ሆኗል። ለዛሬዋ ወጣት የመልክ ወጪ ከእናቷ የበዛው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ልጅቱ ከእናቷ ይልቅ ለመልኳ የተጨነቀች ሆና ሳይሆን እናቷ በነፃ ታገኘው የነበረው ሁሉ ዛሬ ዋጋ ስለወጣለት ነው።

ወጣቷ ታዲያ እንዴት ትከፍላለች? ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ትከፍላለች። ፔስትራ፣ ቅጥልጥል ሹሩባ፣ ጥፍር፣ ቅንድብ፣ የከንፈር ቀለም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ይመስላል፣ ሁሉም ግን ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይደገማል። ልብሱን ከሳልቫጅ ታገኛለች። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው ተፈትቶ የማይሸጥበት ከተማ የለም፤ አሁን አሁንማ መርጠው፣ አጥበውና ተኩሰው በቴሌግራም የሚሸጡ ልጆች ራሳቸውን የቻሉ ነጋዴዎች ሆነዋል። ይህ ዕድሜ በገቢ መጠን የቱን ያህል የታሰረ እንደሆነ ለማየት ሐዋሳን ማስታወስ ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የጥናት ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፤ ከዓለም የልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። እነዚህ ልጆች ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን ለያዘው ኩባንያ የሚላክ ሸሚዝ ይሰፉ ነበር። ከቤት ኪራይና ከምግብ የተረፈው ለአንድ ሹሩባና ለአንድ የሳልቫጅ ቀሚስ ከበቃ ትልቅ ነገር ነው። «ወጣት ሴት ገንዘቧን በፋሽን ትጨርሳለች» የሚሉትን ስሰማ፣ የትኛዋን ወጣትና የትኛውን ገንዘብ ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ ይቃጣኛል።

የከተማዋ ተማሪ ወይም ሥራ ፈላጊ ደግሞ የምትለብሰው በእናቷ፣ በአባቷ ወይም በውጭ አገር ባለች እህቷ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ትዳር ሲመጣ ከፋዩ የወንዱ ወገን ይሆናል። የጥሎሽን ሥርዓት ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ሻንጣው መካከል ላይ ይቀርባል፣ ከወንዱ ወገን አንዱ ከፍቶ ቀሚሱን ከነነጠላው፣ ጫማውን፣ ሽቶውን አንድ በአንድ ብድግ እያደረገ ያሳያል። ሙሽራይቱ ከጓዳ ናት። የሴቷ ወገን ሽማግሌ «እሺ፣ ታይቷል» ይላል፤ ወርቁ ሲመጣ ግን አጠገቡ ያለች አንዲት አክስት ዝም ብላ አታልፈውም፣ በእጇ መዳፍ ላይ አኑራ ክብደቱን ትገምታለች። በሙሽራይቱ ሕይወት ምናልባት ትልቁ የልብስና የጌጥ ወጪ የሚፈጸመው በዚህ ቀን ሆኖ ሳለ፣ እርሷ ራሷ አንዲት ሳንቲም አልከፈለችበትም፤ የመረጠችውም ላይሆን ይችላል።

ልጆች ሲመጡ ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ ድረስ ሌሎች ሲያለብሷት የነበረችው ሴት አሁን አልባሽ ትሆናለች። ለአዲስ ዓመት፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ልጆቹን አዲስ አልብሳ ራሷ ያምናውን ትደግማለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የማን ቀሚስ እንደሆነና ማን እንደገዛው ግን ተረቱ አይነግረንም።

ጥምቀት ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ አንድ ሱቅ ደጃፍ መቆም ይህን ያሳያል። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ ገበያ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ፣ በመጡ ሸማኔዎች እጅ የቆመ ነው። አንድ ቀን እናትና ልጅ ሲገበያዩ አየሁ፤ እናቲቱ ወደ ሃምሳ ይጠጓታል፣ ልጅቱ ከሃያ ብዙም አላለፈች። ልጅቱ ስልኳን ዘርግታ ለሻጩ ሥዕል ታሳየዋለች፦ «እንደዚህ፣ ጥልፉ እዚህ ጋ፣ ከወገቡ ጠበቅ ብሎ»። እናቲቱ ስልኩን አላየችም። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መካከል ታሸዋለች፣ ገልብጣ የጥልፉን ውስጥ ትመረምራለች፣ ለብርሃን ገልጣ ታየዋለች።

«ይሄ መነን ነው?»

«መነን ነው እናቴ፣ በእጅዎ ይዩት እንጂ።»

«ማሚ፣ ሽፎኑ ይሻላል፤ አሁን ሰው የሚለብሰው እሱን ነው።»

«ሽፎኑ ለአንድ ቀን ነው። ይሄን ልጅሽም ትለብሰዋለች።»

ክርክሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ በልጅቱ ቅድ፣ በእናቲቱ ጨርቅ ተስማሙ፤ ከፋይዋ እናቲቱ ናት። ሻጩ «ለእርስዎስ?» ሲላት «እኔ ያለኝ ይበቃኛል» ካለች በኋላ፣ ጥለቱ ከልጇ ቀሚስ ጋር የሚሄድ አንድ ነጠላ ብቻ መርጣ ጨመረች። ሻጩ በዚያ ቀን የሸጠውን ቢጠየቅ «ለወጣት የሚሆን ቀሚስ» ይላል፤ ገንዘቡ የወጣው ግን ከሃምሳ ዓመቷ ሴት ቦርሳ ነው። የጨርቁን ጥራት የወሰነው የእርሷ ዕድሜ፣ ቅዱን የወሰነው የልጇ ዕድሜ ነው። ይህን ወጪ በየትኛው ዕድሜ ላይ እንጻፈው?

ከአርባ እስከ ስድሳ ያለው ዕድሜ የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ከላይና ከታች ያሉት ሁሉ በዚህች ሴት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የራሷም ግዴታ የሚበዛው ያኔ ነው። የጓደኞቿ ልጆች ያገባሉ፣ የእህቶቿ ልጆች ያገባሉ። የእናት ወገን ሴቶች አንድ ዓይነት ይልበሱ ሲባል ጨርቁ ይመረጣል፣ ለአንድ ሠርግ ተሰፍቶም በሚቀጥለው ሠርግ አይደገምም፤ ፎቶው በየስልኩ ላይ አለና። በሌላ በኩል ወላጆቿና የዕድሜ ታላላቆቿ የሚሞቱበት ዘመን ነው። ከል ትለብሳለች፤ ለቅርብ ዘመድ ከሆነ ዓመት ሙሉ ጥቁር ነው፣ ፀጉር ቤትም ሆነ ወርቅ የለም። ከሉን ስታወጣ ደግሞ ልብሱ እንደገና መገዛት አለበት፤ ብዙ ጊዜ እህቶቿ ወይም ልጆቿ ናቸው የሚገዙላት። ከከል ወደ ነጭ፣ ከለቅሶ ወደ ሠርግ የሚያመላልስ ዕድሜ ስለሆነ ወጪው እንደ ደመወዝ እኩል እየተከፈለ የሚሄድ ሳይሆን ድንገት ብቅ የሚል ነው። እቁብ ለዚህ ነው የተፈጠረ የሚመስለኝ፤ ያለ እቁብ የዚህን ዕድሜ የልብስ ወጪ መሸከም ለብዙዎች አይሆንላቸውም ነበር።

እቁብ ሲደርስ ደግሞ ወርቅ አለ። ወንዶች፣ ምሁራኑም ሳይቀሩ፣ ወርቅን ከጌጥ ጋር ደምረው «የሴት አባካኝነት» ሲሉት እሰማለሁ፤ በዚህ ላይ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የባንክ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር ተሻገረ። በእነዚህ ዓመታት ገንዘቧን በደብተር ያስቀመጠችውና ፒያሳ ወርቅ ቤት ሄዳ አምባር የገዛችው ሁለት ጎረቤታሞች ዛሬ እኩል አይደሉም። ሕጉም ያግዛታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ከጋብቻ በፊት የነበረን እንዲሁም በኋላ በስጦታ ወይም በውርስ በግል የተገኘን ንብረት የግል አድርጎ ይጠብቃል። አንገቷ ላይ ያለው ስጦታ ትዳር ፈርሶ ንብረት ሲከፋፈል የማይከፋፈል ነው። ከሪያድ ወይም ከዱባይ የምትመለስ የቤት ሠራተኛም ይህን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ደመወዟን በዚያ አገር ልማድ ወደ 21 ካራት፣ ማለትም ከመቶ 87.5 እጅ ንጹሕ ወደ ሆነ ወርቅ ትለውጠዋለች፤ እዚህ ስትደርስ ልታጌጥበትም ልትሸጠውም ትችላለች። ይህን «የመዋቢያ ወጪ» ብሎ መመዝገብ ቁጠባን ፍጆታ ማለት ነው። አያቶቻችን የማርያ ቴሬዛን ብር እያስቀለጡ ድሪና አልቦ ሲያሠሩም የሚያስቡት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከውጭ የሚገባው መዋቢያ ግን ሌላ ነው፤ አይቀመጥም፣ አይሸጥም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ሽቶን ጨምሮ ለ38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያደርግና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እገዳው ሲነሣ፣ በሁለቱም ጊዜ ዋጋው የተሰማት ወጣቷ ናት።

ከስድሳ በኋላ ያለችውን እናት ቁም ሣጥን ብንከፍት ያላትን ልብስ ብዛት ስናይ እንገረማለን፤ የገዛችው ግን በጣም ጥቂት ነው። ካፖርቱ ከዋሽንግተን፣ ጫማው ከሮም፣ ሎሽኑ ከልጅ ልጅ ሻንጣ፣ ነጠላው የእናቶች ቀን ስጦታ ነው። ዋጋውን አታውቀውም፤ ብታውቅ አትለብሰውም። ልጆቿ የሚልኩላት በራሳቸው ምርጫና በራሳቸው ናፍቆት መጠን ስለሆነ ብዙው አይስማማትም፦ ወይ ይሰፋል፣ ወይ ቀለሙ «ለዕድሜዬ አይሆንም» ይባላል። ስለዚህ ታከፋፍለዋለች። አንዱ ለእህቷ ልጅ፣ አንዱ ለቤት ሠራተኛዋ፣ አንዱ ለጎረቤት ሴት ልጅ የቃለ መጠይቅ ቀን ይሄዳል። የሃያ ዓመት ወጣት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጥሩ ካፖርት የመጣው ከሰባ ዓመት እናት እጅ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለእርሷም ከአርባ አምስት ዓመት ልጇ፣ ከባሕር ማዶ።

በራሷ ገንዘብ የምትገዛው የተመረጠ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን የጠራ ነጭ ነጠላ አታጣም፣ ስለ ፈትሉም አትደራደርም። ሽበቷን የምትቀባ አለች፣ በሂና የምታቀላ አለች፣ የምትተወውም አለች። ከፍ ያለው ወጪ ግን ወደ መነጽር፣ ወደ ጥርስና እግር ወደማያሳምም ጫማ ይዞራል፤ እነዚህን ሐኪም ቤት ይቆጥራቸው እንጂ አንዲት እናት አዲስ ጥርስ አስገብታ ማኅበር ስትሄድ ያያት ሰው ጉዳዩ የጤና ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። መንኩሳ ቆብ የጫነችው ደግሞ ጌጧን ለሴት ልጇ ወይም ለደብሯ ትሰጣለች። መግነዟን ሳይቀር በቁሟ ገዝታ፣ አጥፋ የምታስቀምጥ አለች፤ ልጆቿ የማይከፍሉላት ብቸኛ ልብሷ እርሱ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ሰው እንዲመርጥላት አትፈልግምና።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ መጠይቅ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች እንዳሉ ተነግሮኛል፤ ከእነርሱ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ጥናታችሁ ላይ «ለሴት ልብስ ስንት ወጣ?» ከሚለው ሥር ሁለት አጭር ጥያቄዎች ጨምሩ፦ ማን ከፈለ? ማን ለበሰችው? የሁለቱም ዕድሜ ይጻፍ። ለወርቅ ደግሞ የተለየ ረድፍ ስጡት፤ የተገዛበትን ብቻ ሳይሆን የተሸጠበትንና የተሸጠበትን ምክንያት፣ የትምህርት ቤት ክፍያም ይሁን ሕክምና፣ ጠይቁ። ያን ጊዜ ይህ ንግግር በግምት ያስቀመጠውን በቁጥር ማረም ይቻላል፤ ለመታረምም ዝግጁ ነኝ። ነጋዴዎችም ካላችሁ፣ መስኮታችሁ ላይ ያቆማችሁት አሻንጉሊት የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ገንዘቡን ይዛ የምትገባው ግን እናቷ ስለሆነች ሱቃችሁ ውስጥ የምትቀመጥበት ወንበርና ጨርቁን ለብርሃን ገልጣ የምታይበት ቦታ አዘጋጁላት።

ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።